ባዶ እጅ የተሄደበት ገና

አንዲት እናት ነበሩ፤ የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት። በሰው አገር፣ በገና ዋዜማ፣ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ለማን? ለላከቻቸው ቤተ ክርስቲያን። ምን ብለው? «ከበዓሉ በኋላ እንመለሳለን። እዚህ የሚፈልገን ሰው የለም» ብለው።

ስማቸው ወይዘሮ ዘነበች ይባላል። ባለቤታቸው አቶ ላምቤቦ ሠላሳ አምስት ዓመት በጤና ረዳትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጆቹ ተዳሩ፣ ቤቱ ጭር አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይጦር ነበር። እነሱ ግን ሻንጣቸውን ሸክፈው፣ ከሆሳዕና ተነሥተው፣ ማላዊ ውስጥ ሐይቅ ዳር ያለች አንዲት መንደር ገቡ። ለሁለት ዓመት አገልግሎት። አቶ ላምቤቦ ቁስል ያጥባሉ፣ ወይዘሮ ዘነበች እናቶችን ያስተምራሉ፤ ዳቦ ጋግረው ለጎረቤት ያድላሉ።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሥራውማ ሰምሯል። የጎደለው ሰው ነው። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ጎረቤት «ኑ፣ ግቡ» አላላቸውም። ሰዉ ጠዋት ሰላም ይላቸዋል፣ ቁስሉን ያሳያል፣ አመስግኖ ይሄዳል። በምሳ ሰዓት መንደሩ በየደጃፉ ተሰብስቦ ሲበላና ሲሳሳቅ፣ እማማ ዘነበች ከባላቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የየራሳቸውን ሳህን ያያሉ። የሆሳዕናው ቤታቸው እኮ ከእንግዳ ተለይቶ አያውቅም! ይህ ለእሳቸው ቀላል ነው?

«ጠልተውናል» ይላሉ።

«አይ ዘኔ» ይላሉ አቶ ላምቤቦ። ሌላ አይጨምሩም፤ ዝምተኛ ናቸው።

ደብዳቤው ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አቶ ካሊዛ፣ የነገውን ፕሮግራም ሊነግሯቸው መጡ። በእንግሊዝኛ የሚያግባቧቸው እሳቸው ናቸው። እማማ ዘነበች ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡ፤ ዝም ሊሉ አሰቡ፤ አላስቻላቸውም።

«አቶ ካሊዛ፣ ምን በደልናችሁ? ለምን ጠላችሁን?»

ሰውየው ክው አሉ። «እኛ? የጠላችሁን እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«እኛ!»

«በመጣችሁ ሳምንት ባለቤቴ አንድ ሳህን ለውዝ ይዛላችሁ መጣች። ‹አያስፈልግም› ብለው መለሷት። ጎረቤታችሁ ታዳላ ዓሣ ጠብሳ አመጣች። ‹በልተናል› አሏት፤ እሳት እንኳ አላነደዳችሁም ነበር። በልጄ ሠርግ ሳህን ሲቀርብላችሁ ‹አትቸገሩ› አላችሁ። ሰዉ ተነጋገረ። እነዚህ ሰዎች ምግባችንን ይጸየፋሉ፣ አናስቸግራቸው ተባባለ።»

እማማ ዘነበች ራሳቸውን ያዙ።

እናንተ ወገኖቼ፣ ምን ያስቃችኋል? ገብቷችኋላ! እኛ ዘንድ ሰው ቤት ገብቶ፣ ምግብ ቀርቦለት፣ ወዲያው እጁን የሚሰድ ማን ነው? መጀመሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን፤ አንጀታችን እየጮኸ! ሁለተኛ «ኧረ አትቸገሪ» እንላለን። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ስትል፣ «አፈር ስሆን» ስትል፣ ያኔ «እንግዲህ ካልሽ» ብለን እንጠጋለን። እማማ ዘነበችም ያደጉት እንዲሁ ነው። ስድስት ወር ሙሉ «በሞቴ» እስኪባሉ ሲጠብቁ ኖሩ!

«ታዲያ ደግማችሁ አትጠይቁም?» አሉ።

«ደግመን? ትልቅ ሰው አልፈልግም ካለ እሱን መነዝነዝ ንቀት አይሆንም?» አሉ አቶ ካሊዛ። ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «እማማ፣ እኛ ዳቦአችሁን በልተናል፣ መድኃኒታችሁን ወስደናል። እናንተ ከእኛ አንዲት ፍሬ ለውዝ አልቀመሳችሁም። ሁልጊዜ የሚሰጥ ሰው ይከበራል። ግን እንዴት ጎረቤት ይሆናል?»

በማግሥቱ ገና ሆነ። እዚያ አገር ገና ከእኛው ሁለት ሳምንት ያህል ይቀድማል። ጸሎቱ አለቀ፣ ሰዉ ወደየቤቱ ገባ። እማማ ዘነበች ትልቁን ዳቦ በጨርቅ ጠቀለሉና ነጠላቸውን አጣፉ።

«ወዴት ነው?» አሉ አቶ ላምቤቦ።

«ታዳላ ቤት። ይቅርታ ልጠይቃት።»

«ዳቦውን አስቀምጪው።»

«በበዓል ቀን? በምሳ ሰዓት? ሳልጠራ፣ ባዶ እጄን?»

«አዎ። እሱን ከያዝሽ ዛሬም ሰጪ ነሽ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ራባት ይላላ።»

«ኧረ አፍራለሁ፣ ላምቤቦ!»

«እፈሪ» አሉ ዝምተኛው ሰው። «ስድስት ወር ሙሉ እነሱ አፍረዋል።»

ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ከቤታቸው እስከ ታዳላ ደጃፍ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ዝናብ የመታው ጭቃ መንገድ። እማማ ዘነበች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባዶ እጃቸውን ሰው ቤት ሄደው አያውቁማ! ነጠላው ሥር ደበቁት።

ታዳላ ከቤተሰቧ ጋር ዶሮና ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ጠጠር ያለ ገንፎ ከባ ተቀምጣለች። ስታያቸው ብድግ አለች። በዓይኗ እጃቸውን ፈለገች፤ ዳቦ የለም፣ መድኃኒት የለም።

«ማን ታመመ?» አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

«ማንም።»

ታዳላ ሳህኑን አየች፣ እንግዳዋን አየች። እሷም ፈርታለች። ያን የዓሣ ቀን አልረሳችውም፤ ልጆቿ ፊት ሁለተኛ መመለስ አልፈለገችም። እንደምንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ይበላሉ?» አለች።

ወገኖቼ፣ የስድሳ ዓመት ልማድ በአንድ ቀን ይለቃል? እማማ ዘነበች ሳያስቡት ከአፋቸው «አይ...» የምትል ነገር ወጣች። የታዳላ እጅ ተሰበሰበ። ፊቷን ልታዞር ነው።

«እበላለሁ!» አሉ እማማ ዘነበች። ጮኹ ማለት ይቻላል። ሁለት እጃቸውን ከነጠላው ሥር አውጥተው ዘረጉ። «እበላለሁ ልጄ! በጣም ርቦኛል!»

ታዳላ ማስታጠቢያውን አነሣችና እጃቸው ላይ ውሃ ታፈስ ጀመር። ሲጎርሱ አየችና ወደ ጎረቤት ተጣራች፤ «ኑ እዩ! እማማ ቤቴ እየበሉ ነው!» እልልታው ከደጃፍ ደጃፍ ተቀባበለ። አቶ ላምቤቦም ደጃፉ ካለው የማንጎ ዛፍ ጀርባ ብቅ አሉ፤ ብሉ ሲባሉ አንዴ እንኳ አላቅማሙም!

ያን ቀን አምስት ቤት በሉ። አራተኛው ቤት ላይ አቶ ላምቤቦ ቀበቶአቸውን አላሉ። አምስተኛው ቤት ላይ እማማ ዘነበች የእውነታቸውን «ጠገብኩ» አሉ፤ ማንም ደግሞ አልጠየቃቸውም። ያኔ ስለዚያ አገር ልማድ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

በማግሥቱ ታዳላ ለውዝ ይዛ መጣች። እማማ ዘነበች ዕቃ ፍለጋ አልሄዱም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብዳቤ አነሡና እንደ ቆሎ ሻጭ ጠቅልለው ለውዙን ተቀበሉበት። ሁለቱን ዓመት ጨርሰው፣ አንድ ዓመት ጨምረው ነው የተመለሱት።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከመካከላችሁ ታማ ተኝታ፣ ጎረቤቷ ሾርባ ይዛ ስትመጣ «ምን አስቸገረሽ» ብላ የመለሰች የለችም? ልጁ የመጀመሪያ ደመወዙን ይዞ ሲመጣ «ለራስህ ይሁንህ» ብሎ አንገቱን ያስደፋ አባት የለም? ትሕትና መስሏችሁ ነው። ሰዎቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ሄደዋል።

ከሰው ጋር እንዲህ ከሆንን ከእግዚአብሔርስ ጋር? ገና ምንድን ነው? እሱ ራሱ ደጃችን ድረስ የመጣበት፣ ልጁን የሰጠበት ቀን አይደለም? እኛ ምን አልነው? «ደህና ነኝ ጌታዬ፣ ለባሰበት ስጠው።» «ቆይ፣ መጀመሪያ ልስተካከል።» ወይ ደግሞ ዳቦአችንን ጠቅልለን እንመጣለን፤ መዝሙራችንን፣ ጾማችንን፣ አገልግሎታችንን። ባዶ እጅ መምጣት ያሳፍረናላ! «በሞቴ» እስክንባል የምንጠብቅ ከሆነ ደግሞ እሱ ብሎናል፤ ያውም በእውነት ሞቶ።

አስቀምጡት ዳቦውን። ሌላ ቀን ትሰጣላችሁ፣ መስጠቱንስ ታውቁበታላችሁ። ዛሬ እጃችሁን ከነጠላው ሥር አውጡ፤ እንዳፈራችሁም ቢሆን ዘርጉት። ጌታ ሳህኑን ይዞ ደጃችሁ ላይ ቆሟል። ምን ልትሉት ነው?