አንገቷን ሰብስባ የምታመሰግነው ኤሊ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን አቅኑልኝ። ድሮ በአንድ ምንጭ ዳር የሚኖሩትን አስቀድሜ ልጥራ። አንደኛው ጎህ ሲቀድ እየጮኸ ፈጣሪውን የሚያመሰግን አውራ ዶሮ ነበር። ሁለተኛዋ ከውሃ ሥር ገብታ የምታመሰግን እንቁራሪት፣ ሦስተኛዋ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ ሰብስባ በዝምታ የምታመሰግን ኤሊ ነበሩ። አራተኛው፣ ዳኛ የሚሆነው የሚቀመጥበት የዋርካ ጉቶ ነው፤ እሱም ይናገር ነበር።

ዳኝነቱ በየወቅቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። በበጋ ተራው የዶሮ ነበርና ጉቶው ላይ ወጥቶ ደረቱን ነፋ።

«ከእንግዲህ ምስጋና በጩኸት ብቻ ነው! በንጋት ያልጮኸ ከምንጩ አይጠጣም!» ሲል ደነገገ።

እንቁራሪት ፈርታ ጮኸች። ኤሊ ግን አንገቷን ሰበሰበች።

«እመት ኤሊ፣ ጩኺ እንጂ!» አላት።

«አያ ዶሮ፣ የእኔ ምስጋና ዝምታ ነው» አለችው። ውሃ ተከለከለች።

በማግስቱ፣ «ምነው፣ ብትጮኺ ድንጋይሽ ይሰነጠቃል?» ሲል ተሳለቀባት።

ምላሷ ደርቋል። «ብጮህ ለአንተ እንጂ ለፈጣሪዬ አይሆንም» አለችው። ዳግመኛ ተከለከለች።

በሦስተኛው ቀን፣ «ወይ ጩኺ፣ ወይ አገር ልቀቂ!» አላት።

ኤሊ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ወደ ጉቶው ዞረች።

«አያ ጉቶ፣ ክረምት ሲገባ ማን ይቀመጥብሃል?»

«እመት እንቁራሪት።»

«እሷስ የምታመሰግነው የት ሆና ነው?»

«ከውሃ ሥር ነዋ!»

እንቁራሪት ዓይኗን አፍጥጣ ዶሮን አየችው። «አያ ዶሮ፣ ዋና ትችላለህ?»

የዶሮ ክንፍ ዝቅ አለ። «እኔ እኮ… ክረምት መኖሩን ረስቼው ነው። ሕጉ ይሻር!»

«የለም፣ ይቆይልኝ!» አለች እንቁራሪት። «ተራዬ ሲደርስ እኔም ‹ከውሃ ሥር ያላመሰገነ አይጠጣም› ብዬ አሳይሃለሁ!»

ያን ጊዜ ኤሊ፣ በጥማት የተቃጠለችው ኤሊ፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አይሆንም፣ እመት እንቁራሪት! ነገ እሱን የሚያሰጥመው ሕግ ዛሬ እኔን ያስጠማኝ ሕግ ነው።»

እንቁራሪት አፈረች። ተመካከሩ። ጉቶውም የተስማሙበትን ቃል ተናገረ፦ «ሁሉም በየራሱ መንገድ ያመስግን። ማንም ማንንም አያስገድድ። በምስጋናው ምክንያት ከምንጩ የሚከለከል አይኑር። የሚቀመጥብኝ ይለዋወጣል፤ ይህ ቃል ግን አይለወጥም።»

ኤሊ «ይሁን» አለች፤ እንቁራሪት «ይሁን» አለች፤ ዶሮም ከጉቶው ወርዶ «ይሁን» አለ።

በሚዞር ወንበር የተቀመጠ፣ ለሚነሣበት ቀን ሕግ ያውጣ።