የጓንጉል ሦስት መሐላ

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ጓንጉል የሚባል ሀብታም ገበሬ ነበር። ደግ ነው፣ ለጋስ ነው፣ ግን ሆዱን ይወዳል። ሲበላ ልክ የለውም፤ ሲምልም ልክ የለውም። ከመወፈሩ የተነሳ ከቤቱ እስከ በረቱ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ያርፍ ነበር።

እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እሷ መንኩሳ፣ እማሆይ ወለተ ሐና ተብላ፣ አምባው አናት ላይ ካለው ገዳም ትኖራለች። የአምባው መንገድ ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም። በቅሎ አይወጣውም፣ ቃሬዛ አይወጣውም፣ በእግር ብቻ ነው።

አንድ ቀን፣ ለገዳሙ ዱቄት የሚያመላልሰው ሽማግሌ፣ አያ ሽበሺ፣ መልእክት ይዞ ወረደ።

«እማሆይ 'ጉልበቴ ከድቶኛል፣ መውረድ አልችልም፤ ሳልሞት አንዴ ዓይንህን ልየው' ብለውሃል» አለው።

ጓንጉል እንባው መጣ። «ለእትዬማ እወጣለሁ። ከመስከረም ሚካኤል ጀምሮ ሥጋ እርም፣ ቅቤ እርም፣ ጠላ እርም ይሁንብኝ። አምባው ላይ እስክደርስ ሽምብራ ቆሎና ውሃ ብቻ» ብሎ ማለ።

አያ ሽበሺ ራሱን ነቀነቀ። «ተው ጓንጉል። ከምትበላው ትንሽ ቀንስ። ዛሬ ከእኔ ጋር እስከዚያች ወይራ ዛፍ እንሂድ፣ ነገ ትንሽ አለፍ እንላለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እኔ እንቁላል ነኝ እንዴ?» አለ ጓንጉል።

የመስከረም ሚካኤል ደረሰ። አንድ ቀን ቆሎ በላ፣ ሁለት ቀን ቆሎ በላ፣ በሦስተኛው ዓይኑ ጭልም አለበትና አንድ ጭልፋ ወጥ ቀመሰ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ጓንጉል ግን «ከፈረሰ አይቀር» አለና ሙሉ በግ አሳረደ። «ለጥቅምት ሚካኤል እንደገና እምላለሁ» እያለም ወሩን ሙሉ እንደ ልቡ በላ።

የጥቅምት ሚካኤል ደረሰ። መሐላው ጠነከረ፤ ቆሎው ቀረና በቀን አንድ ጭብጥ በሶ ሆነ። አንድ ቀን ቻለ፣ ሁለት ቀን ቻለ፣ በሦስተኛው የጎረቤት ሠርግ መጣ። «ከፈረሰ አይቀር» አለ ጓንጉል። ለእህቱም «ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ» ብሎ ላከባት።

አያ ሽበሺ ዱቄቱን ተሸክሞ ባለፈ ቁጥር «ና፣ እስከ ወይራዋ» ይለዋል። እሱ ደግሞ «ቆይ፣ መሐላዬን ላጥብቅ» ይላል። እልኸኛ ሰው ምን ይደረጋል?

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። «አሁንስ ውሃ ብቻ ነው የምጠጣው» ብሎ ማለ። በሁለተኛው ቀን ራሱን ስቶ ወደቀ። አንስተው አስተኙት፤ በሳምንቱ ሲነሳ ከበፊቱ ይልቅ ርቦት ነበር፣ ከበፊቱ ይልቅም በላ።

በዚያው ሰሞን አያ ሽበሺ ባዶ ስልቻውን ይዞ ወረደ። ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እትዬ ደህና ናት?» አለ ጓንጉል።

«አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው።» ሽማግሌው ስልቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «በወጣሁ ቁጥር 'የት ደረሰ?' ይሉኝ ነበር። ገና ከቤቱ አልወጣም ማለት አቃተኝና 'እየመጣ ነው' እላቸው ነበር። መንገዱ አፋፍ ላይ እንደተቀመጡ ነው የሞቱት።»

ጓንጉል መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በዚህ ጊዜ ግን አልማለም። በማግስቱ ተነስቶ እስከ ወይራዋ ሄደና ተመለሰ። ራቱንም በላ፣ ብቻ ከወትሮው ቀነስ አደረገ። በሚቀጥለው ቀን ትንሽ አለፈ። የደከመው ቀን አረፈ፣ ሲነጋ ቀጠለ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ የእህቱ አርባ በሚወጣበት ቀን አምባው ላይ ደረሰ።

መቃብሯ ላይ ተደፍቶ «እትዬ፣ መንገዱ አርባ ቀን ነበር፤ እኔ ሰባ ቀን ስምል ከረምኩ» አለ።

ጓንጉል ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በጤና ኖረ። አምባውንም በየወሩ ይወጣ ነበር። አፋፉ ላይ የሚጠብቀው ሰው ግን አልነበረም።

አያችሁ ልጆቼ፣ ሰውነት በመሐላ አይገዛም። የምትችሏትን ትንሿን ያዙ፤ አንድ ቀን ብትስቱም በማግስቱ ቀጥሉ እንጂ የወሩን ሚካኤል አትጠብቁ። ተረቴ እዚህ አለቀ። መልሱልኝ አልልም፤ የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ ግን ዛሬውኑ ተነሱ።