ያዝ በዚያ በኩል

አንድ ሰው ነበረ። በትልቅ ሐይቅ ዳር የሚኖር ገበሬ ሲሆን የተወለደው ግን ከውሃው ማዶ፣ ደሴት ላይ ነው። አባቱ የሞተ ጊዜ አጎቱ ለእርሻ እንዲያግዘው ወስዶ አሳደገው፤ እናቱና ታናሽ እህቱ እዚያው ቀሩ። አደገ፣ አገባ፣ መሬትና በሬ አገኘ። ደሴቲቱ ግን ከደጁ ትታየው ነበር። ሰማዩ በጠራ ቀን ዛፎቿ ይለያሉ፤ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗ ደወል ውሃውን አልፎ ይሰማዋል። ያን ጊዜ በሬዎቹን አቁሞ፣ እርፉን እንደያዘ ወደ ማዶ ያያል።

አዝመራ፣ ትናንት «የኔታ፣ ሰው ፍላጎቱ እንዳይበርድበት ምን ያደርጋል?» ብለሽኛል። ዳዊት ማንበብ ልትማሪ ይኸው ሦስተኛ ጊዜ ጀምረሽ፣ ሦስተኛ ጊዜም ልትተዪ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ አልሸኝሽም፤ እሱን ለልጆችሽም ስትተርቺው ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሰውዬ ስሚኝ።

የዚያ አገር ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ሐይቅ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው፤ ታጭዶ ይደርቅና እየተጠቀለለ ይታሰራል። ታንኳው ቀላል ነው፣ ጥሩ ይንሳፈፋል፣ ግን ውሃ ይጠጣል። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ወደ የብስ ተጎትቶ ፀሐይ ካልመታው እየከበደ ሄዶ ይሰጥማል። ይህን የማያውቅ የሐይቅ ዳር ሰው የለም። ያም ሰው ያውቀዋል። ማወቅ ብቻውን ቢያሻግር ኖሮ ሁላችንም ማዶ ነበርን።

ከደሴቲቱ እንጨት ለመሸጥ የሚመጡ ሰዎች የእናቱን ሰላምታ ያደርሱለታል። እሱም «ናፍቀሽኛል፣ ለፋሲካ እመጣለሁ» ብሎ ይልካል። ውሸቱን አልነበረም። እንጨት ሻጮቹ እናድርስህ ሲሉት ግን እምቢ ይላል። እናቱ ደጅ በሰው ታንኳ ተጭኖ ሳይሆን የራሱን ቀዝፎ መድረስ ነው የሚፈልገው። ፋሲካ ሲቃረብ ልቡ ይግላል። ደንገሉን ያጭዳል፣ በደንብ እስኪደርቅም አይጠብቅም፣ እየተጣደፈ ያስርና ሐይቅ ውስጥ ይገባል። የተነሳበት ሰዓት ልቡ የጋለበት ሰዓት እንጂ ሐይቁ የተኛበት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ይመልሰዋል።

በስብሶ ወደ ዳር ሲወጣ ታንኳውን መጎተት ይሰለቸዋል። ነገ ልሄድበት ለምን አወጣዋለሁ ብሎ ውሃው ላይ እንዳለ ከዛፍ ጋር ያስረዋል። ነገ ሲሆን ክንዱ ዝሏል። ከነገ ወዲያ እንግዳ ይመጣል። ከዚያ አረም ይደርሳል። አንድ ቀን ትዝ ብሎት ወደ ሐይቁ ሲወርድ ታንኳው ጠጥቶ ጠጥቶ አፍንጫው ብቻ ከውሃ በላይ ቀርቷል። ቆሞ ያየውና ሆድ ይብሰዋል። «ፈቃዱ ባይሆን ነው» ብሎም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሳንጎትት የቀረነውን ታንኳ ሁሉ በእግዚአብሔር እናላክካለን፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

እንዲህ እያለ ጠጉሩ ሸበተ። በየዓመቱ አንድ ታንኳ ሠራ፣ በየዓመቱ አንድ ታንኳ ሰጠመ። እናቱ ደግሞ በየፋሲካው ዳር ወርዳ ውሃውን ስታይ ትውላለች። ትውል ነበር ልበል፤ ዓይኗ እስኪደክም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ታንኳ እየቀዘፈች እሱ መንደር ደረሰች። ጎልማሳ ናት፤ ፀሐይና ውሃ ያጠቆራት። አላወቃትም፤ ስሙን ስትጠራው ግን ድምፁ የእናቱ ድምፅ ሆነበት። እህቱ ነበረች። እናታቸው መታመሟንና ስሙን እየጠራች መሆኑን ነገረችው።

ሰውየው ያለቀሰውን ልቅሶ አልነግርሽም። መቅዘፊያውን ነጥቆ አሁኑኑ እንሂድ አላት። እህቱ ግን የታንኳውን አፍንጫ ይዛ ወደ የብስ ትጎትት ጀመር። «እናታችን ልትሞት አንቺ ታንኳ ታሰጫለሽ?» አላት። እሷም «ውሃ በጠጣ ታንኳ ብንወጣ እናታችን ሁለት ልጅ ታጣለች እንጂ አንድ አታገኝም» አለችው። መቅዘፊያውን መለሰላት።

ታንኳውን አሰጡት። የመጀመሪያውን ቀን ሰውየው አጠገቡ ዋለ፤ ፀሐይ በዞረ ቁጥር እየተነሳ ያገላብጠው ነበር። በማግስቱ አንዱ በሬ አነከሰና እሱን ሲያይ ረፈደ። ጎረቤት የድንበር ነገር አመጣበት። ሚስቱ ገብሱ ሳይወቃ ዝናብ እንዳይመጣ ፈራች። ቀኑ ሲመሽ ደረቱ ውስጥ ያን ናፍቆት ቢፈልገው አጣው። እናቱን እያሰበ፣ ፊቷን ለማምጣት እየሞከረ፣ ምንም አልሰማው አለ። እንደዚያ ያለ ቀን ታውቂያለሽ፤ ትናንት ያስለቀሰሽን ነገር ዛሬ እንደ ባዕድ የምታዪበት።

ሊነጋጋ ሲል ሐይቁ ዝም ብሎ ተኝቷል። እህቱ ታንኳው አጠገብ ቆማለች። ሰውየው እያፈረ መጣና እውነቱን ነገራት። «እህቴ፣ ልቤ በርዷል። ከትናንት ወዲያ የነበረው እሳት የለም። እንዲህ ሆኜ እናቴ ፊት ከምቀርብ፣ ልቤ እስኪመለስ ብንቆይስ?»

አልተቆጣችውም። «የኔም በርዷል» አለችው። «ክንዴ ዝሏል፣ የናፈቀኝ መኝታዬ ነው። በል ያዝ በዚያ በኩል።»

ሰውየው ቆሞ አያት። ይህን ሁሉ ዓመት የሚሻገሩ ሰዎች ልባቸው የማይበርድ ሰዎች ይመስሉት ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በዚያ በኩል ያዘ። ገፉት፤ ታንኳው ውሃው ላይ ቀለለ።

አዝመራ፣ ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ ተአምር አልነግርሽም።

እየቀዘፉ እህቱ አወራችው። በናፍቆቱ ያለቀሰችባቸው ዓመታት እንደነበሩ፣ ጨርሶ ያልናፈቀችባቸው እንደነበሩ፣ የጠላችውም ጊዜ እንደነበረ አልደበቀችውም። ታንኳዋን ግን በሁሉም ዓመት አመሻሽ አመሻሹን ከውሃ አውጥታለች፤ እናታቸው ራት ሳትቀምስ የምትጠይቃት አንድ ነገር «ታንኳው ወጣ ወይ?» ነበርና። ፀሐይ ሲበረታ ነፋሱ ተነሳ። ሰውየው በለመደው መንገድ ሊመለስ ቃጣው፤ እህቱ ግን በመንገዳቸው ወዳለች አንዲት ትንሽ መሬት አዞረችው። ታንኳውን ጎትተው እዚያ አደሩና ሲነጋ ቀጠሉ።

በማግስቱ የደሴቲቱ ዳርቻ ቀረበ። ሰውየው ልጅ ሳለ ይወጣበት የነበረውን ሾላ አየ፤ አንዱ ቅርንጫፉ ተሰብሯል። ቤት ሳለ ፈልጎ ያጣው ናፍቆት እዚያ ተቀበለው፤ ዘመድ መንገድ ድረስ ወጥቶ እንግዳ እንደሚቀበል።

ታንኳው መሬት ሲነካ ዘሎ ወርዶ ሮጠ። እናቱ መደብ ላይ ተኝታለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ግንባሩን ዳሰሰች፣ ጉንጩን ዳሰሰች፣ ጺሙ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከእጇ የሄደው ልጅ ጺም አልነበረውም።

«ናፍቆትህንማ በየፋሲካው ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እኔ የጠበቅሁት እግርህን ነበር» አለችው።

ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እስኪወጣለት ተወችውና ጠየቀችው። «ልጄ፣ ታንኳው ወጣ ወይ?»

አልወጣም ነበር። ዘሎ ሲሮጥ ውሃው ላይ ትቶት መጥቷል፤ እህቱ ብቻዋን ትታገላለች። ሰውየው ከእናቱ እቅፍ መነሳት ሞት ሆነበት። ሄዶ ሲመለስ ባያገኛትስ? ቢሆንም ተነሳ። ወረደ፣ በዚያ በኩል ያዘ፣ ከእህቱ ጋር ጎትቶ አወጣውና ተመለሰ። እናቱ እጇን እንደዘረጋች ጠበቀችው።

ያን ሰሞን አልሞተችም። እስከሚቀጥለው ፋሲካ ቆየች፣ እሱም የገዛ ታንኳውን ሠርቶ ሲመላለስ ከረመ፤ ልቡ ሲሞቅም ሲበርድም። ስትሞት ራሷ ክንዱ ላይ ነበር። ፊቱን ግን ሳታየው ሄደች። ያን ያስቀሩባት የሰጠሙት ታንኳዎች ናቸው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። እናትሽ ዳዊቷን ዕድሜ ልኳን ስትስም፣ ስትገልጥ፣ አንድ ቃል ሳታነብበት ሞተች። አንቺ እሷ የሳመችውን ማንበብ ናፈቀሽ። ይህ ናፍቆት ከማዶ የሚመጣ የደወል ድምፅ ነው፤ ደስ ይላል፣ ያስለቅሳል፣ ማንንም ግን አላሻገረም። ልብሽ የጋለ ቀን ዓይንሽ እስኪቀላ ገጽ ትገለብጫለሽ፣ ከዚያ መጽሐፉን እንደተከፈተ ትተሽው ትሄጂያለሽ። ታንኳሽን ውሃ ላይ ማሰርሽ ነው። ሲከብድብሽ ፍላጎቴ ጠፋ ትያለሽ። ፍላጎትማ ይጠፋል፣ ይመጣል፤ የሁሉም እንደዚያ ነው። ታንኳ የሚደርቀው ስለናፈቅሽ ሳይሆን ስለጎተትሽው ነው። ስለዚህ የዛሬዋን ጥቂት መስመር አንብበሽ፣ መጽሐፉን ማኅደሩ ውስጥ መልሰሽ፣ ነገ ሞቀሽም በረደሽም ትመጫለሽ።

አሁን ልቤ ቀዝቅዟል ልትዪኝ አፍሽን ስትከፍቺ አይቻለሁ። የኔም ቀዝቅዟል፤ ጉልበቴን ብርዱ ይዞኛል፣ ፀሐይ ላይ ብቀመጥ ነው የምወድ። በይ፣ መጽሐፉን ያዢ በዚያ በኩል።