የሰንደቁን ገመድ ማን ይሳብ?

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን አትጠይቁኝ፣ ጠላት አገር ይዞ በነበረበት ጊዜ ነው፣ አንዲት መንደር ውስጥ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ አስናቀ፣ እህቱ የውብዳርና ሸማኔው ደርሰህ። አባታቸው የመንደሩ ባንዲራ ጠባቂ ነበሩና ሲሞቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ለሦስቱም አደራ ብለው ሄዱ። አደራ በላ መባልን የማይፈራ ደግሞ ማን አለ?

አንድ ቀን የጠላት ሻለቃ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ «ባንዲራችሁን እስከ ነገ አምጡ፤ አለዚያ አንድ ጎጆ አይተርፍም!» አለ።

አስናቀ ከባንዲራው ጫፍ ጣት የምታህል ቁራጭ ቀደደ። የገዛ ጋቢውን አቃጥሎ ቁራጯን አመዱ ላይ ጣል አደረገና በሰው ሁሉ ፊት ወጣ። «እኔ አቃጥዬዋለሁ፤ ይኸው» አለ። ሻለቃው ሳቀ፤ መንደሩም ተረፈ። አስናቀ ግን ባንዳ ተባለ። እጮኛው ለሌላ ተዳረች፤ አምስት ዓመት ሙሉ እንዴት አደርክ ያለው ሰው የለም። ሚስጥሩ እንዳይወጣ ብሎ ትንፍሽ አላለም።

የውብዳር ባንዲራውን ከቀሚሷ ሥር ወገቧ ላይ ጠመጠመችው። ባሏ እርጉዝ ትቷት ዱር ገብቷል። ስትፈጭም፣ ውሃ ስትቀዳም፣ ምጥ ሲይዛትም አልፈታችውም። አዋላጇ «ኧረ ፍቺው አንቺ!» ብትላት፣ «የስለት ነው፣ አትንኪብኝ» አለች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። በጨርቁ ሰበብ ይሁን በሌላ፣ እኔ አላውቅም። እሷም አታውቅም፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ላብ ደግሞ ጨርቅ ይበላል። በአራተኛው ዓመት ከባንዲራው የቀረው መሐረብ አያህልም ነበር። ደርሰህ ታዲያ፣ ጉድ እኮ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ከወታደሮቹ ሰፈር ፊት ለፊት ነጠላ መሥራት ያዘ! የአንዱን ጥለት አረንጓዴ፣ የአንዱን ቢጫ፣ የአንዱን ቀይ አደረገው። ነገሩ ቢታወቅ ኖሮ ይሰቀል ነበር። ወታደሮቹ ግን ቆመው ሥራውን ያደንቁ ነበር፣ ሞኞች! ጥለቶቹን ከነጠላዎቹ ቆርጦ፣ አሮጌዋን እራፊ መሐል ከትቶ፣ አንድ ባንዲራ አድርጎ ሰፋቸው።

ጠላት ወጣ። ባንዲራው ሊሰቀል ነው ሲባል ከወንዝ ማዶ ሳይቀር ሰው ጎረፈ። በመንደሩ ወግ ገመዱን የሚስበው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ የሳበው ሰው ቤትም እስከ ልጅ ልጅ ባንዲራ ጠባቂ ይባላል። የውብዳር የሆነውን ሁሉ ለሽማግሌዎቹ ተናገረች።

አስናቀ፣ «የወንዝ ማዶ ሰው ታሪክ ቆሞ አይሰማም፤ የሚያየው ገመዱን የያዘውን ነው። ዛሬ ካልያዝኩ ባንዳ እንደተባልኩ እሞታለሁ» አለ።

ደርሰህ፣ «ያለኔ ምኑን ልትሰቅሉት ኖሯል? እራፊውን?» አለ።

የውብዳር ደግሞ፣ «ስም ይታደሳል፤ ጨርቅም ይሸመናል። ለኔ ምን ይመለስልኛል?» አለች።

ፍርዱ የሽማግሌዎቹ ነው። ሕዝቡ አንጋጦ ባዶውን እንጨት ያያል። እስቲ እናንተ፣ ለፍርድ ምላሳችሁ የሚፈጥን፣ ንገሩኝ፤ ገመዱን ለማን ትሰጡታላችሁ?