የንጉሡ እግሮች ክስ

ተረቴ ደጅ ቆሟል፣ አስገቡት! አስገባችሁት? እንግዲያው ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ።

በድሮ ዘመን፣ ውርጭ በማይለቀው ደጋ፣ አንድ ንጉሥ ነበረ። ይህ ንጉሥ ሲቀመጥ ቀኝ እግሩን ወደ ምድጃው ይዘረጋል። ግራ እግሩን ደግሞ በበሩ ቀዳዳ ወደ ውጭ ያወጣል። ለምን በሉኛ! ባለጉዳይ ሁሉ እግር ይስም የለ? ታዲያ ባለጉዳይን እያስገቡ መሳሙ ሰለቸው። እግሩ ውጭ ይሳማል፣ እሱ ውስጥ ይሞቃል። አቤት ጥጋብ!

ችሎቱ ሲያበቃ ይርዳው የሚባል እግር አጣቢ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ያቀርብለታል። ታዲያ ውርጩ የባሰ ቀን ንጉሡ ሁለቱንም እግሮቹን ነከረና ጮኸ።

«ቀኜን በረደው! ግራዬ ተቃጠለ! አንተ አስማተኛ፣ በአንድ ገበቴ ሁለት ውሃ ቀዳህብኝ?»

«ጃንሆይ፣ ውሃው አንድ ነው!»

«እግሬ ዋሸ ልትል ነው?»

ይርዳው ምን ይበል? ዋሸ ቢል ንጉሥ ሰደበ፤ አልዋሸም ቢል ጥፋቱን አመነ። ነገ እጁ ይቆረጥ ተባለ።

ሚስቱ ዘርፌ ይህን ሰማች። ያ እጅ እኮ አርሶ ያበላት፣ ያጎረሳት እጅ ነው! በነጋታው እየሮጠች ከንጉሡ ደጅ ደረሰች። በቀዳዳው የወጣውን የንጉሡን እግር ብትስመው ከንፈሯ ደነዘዘ። በቀዳዳው አጮልቃ ብታይ፣ ያኛው እግር ከምድጃው አጠገብ ሊጠበስ ደርሷል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች በልቧ።

ከዚያ በቀዳዳው ጮኸች። «ጃንሆይ! ባሌን የከሰሱት እግሮችዎ ናቸው። አንዱ በረደኝ፣ አንዱ ተቃጠልኩ ይላል። የምስክር ቃል እንዲህ ይጣላል? ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ይመስክሩልኝ!»

ከንጉሡ አጠገብ የተቀመጠው አፈ ንጉሡ ሙግት ሲሰማ እህል ውሃ የሚረሳ ዳኛ ነበርና «አግባብ ነው!» አለ። ግራው ወደ እሳት፣ ቀኙ ወደ ደጅ ሆነ። ይርዳው ከእስር ወጥቶ ውሃውን አቀረበ።

«ግራዬን በረደው! ቀኜ ተቃጠለ!»

«ሁለቱም ቃላቸውን ለወጡ» አለ አፈ ንጉሡ። «ይድገሙ!»

ቀኙ ወደ እሳት፣ ግራው ወደ ደጅ ተመለሰ። ውሃው ያው ለብታ ነው።

«ቀኜን በረደው! ግራዬ ተቃጠለ!»

«አሁንም ለወጡ! ጃንሆይ፣ ቃሉን የለወጠ ምስክር ይቆረጥ ብለው ያወጁት እርስዎ ነዎት። እግሮቹ እንዳያመልጡ በቁራኛ ይታሰሩ!»

በድሮ ችሎት አብረው እንደሚታሰሩት ሌባና ከሳሹ ባለገንዘብ፣ እግር ከእግር በነጠላ ጫፍ ተቆራኘ። ለይርዳው የተሳለው መጥረቢያ መጣ። ንጉሡ ሊሸሽ ተነሣ፣ ተደፋ። ተነሣ፣ ተደፋ። አንቺ አትሳቂ፣ ሰውየው ጭንቅ ላይ ነው!

«ዘርፌ፣ እናቴ! ለእግሮቼ ጠበቃ ሁኛቸው!»

«ዋጋዬ የባሌ እጅ ነው።»

«ከነባለቤቱ ውሰጂው!»

ዘርፌ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። «እግሮቹ አልዋሹም፤ ባሌም አልበደለም። ከእሳት የመጣ ለብታውን ውርጭ ይለዋል። ከውርጭ የመጣ እሳት ይለዋል። ውሃው ግን ያው ውሃ ነው።»

አፈ ንጉሡ ጢሙን እየዳሰሰ ብዙ አሰበ። ከዚያ ፈረደ። «ይርዳው ነፃ ነው። እግሮቹም ይፈቱ። ነገር ግን ዳግመኛ ቃላቸው እንዳይጣላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም ውጭ ይዋሉ!»

ዘርፌ የባሏን እጅ ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ንጉሡ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለት እግሮቹን በቀዳዳው አውጥቶ ጥርሱን ያንቀጫቅጭ ነበር።

አያችሁ ልጆቼ፣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ከልጥ ገመድ ደንግጦ ሲበረይ ያያችሁትን ሰው ውሸታም ከማለታችሁ በፊት፣ መጀመሪያ ምን አይቶ እንደመጣ ጠይቁት።