ገበሩ ወደ ውጭ የታጠፈው የአልጋ ልብስ

አንዲት ሴት ነበረች፤ አዲስ ጨርቅ እየገዛች የምትቆራርጥ። አሮጌ አላልኩም! አዲስ፣ ገና ከጣቃው የተፈታ፣ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ያልነካው ፖፕሊን። ታመጣዋለች፣ መሬት ላይ ዘርግታ ታየዋለች፣ መቀሷን ታነሳና ቀጭ! ቀጭ! ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብላ ቁርጥራጩን መልሳ ትሰፋዋለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? በሉ እንጂ፣ አትፈሩ። የደሴ ጎረቤቶቿም ያንኑ ነው ያሏት። "ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ" አሏት። "ጨርቁ ምን በደለሽ?" አሏት። አንዳንዱማ ጸበል እንድትጠመቅ መከራት።

ስሟ ትርንጎ ይባላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን አላምረውን በልብስ ስፌት መኪናዋ አሳድጋለች። ቀሚስ ትሰፋለች፣ የተማሪ ልብስ ትሰፋለች፣ ያ እንጀራዋ ነው። ልቧ ያለው ግን ከዚያ በኋላ በምትሠራው የአልጋ ልብስ ላይ ነው። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ይማም አዲስ ዕቃ ባስገቡ ቁጥር "ትርንጎ፣ ሰው ሳያየው ድረሽ" ብለው ይልኩባታል። ትሄዳለች። የዓመቱን አዲስ ጨርቅ በሙሉ ታስወርዳለች፣ አንዱን ካንዱ ጎን ታስቀምጣለች፣ ታነሳለች፣ ትመልሳለች። ሐጂም "ሱቄን እኮ ገለበጥሽው!" እያሉ ይስቃሉ። እሷ ግን አትሰማቸውም። ይቺ ብርቱካንማ ከዚህ ጥቁር ሰማያዊ አጠገብ ስትውል ምን እንደምትሆን እያየች ነው።

ቤቷ ስትገባ ቁርጥራጮቹን መሬት ላይ ትደረድርና በርጩማ ላይ ወጥታ ከላይ ታያቸዋለች። "አላምረው፣ መጀመሪያ ዓይንህ የት ሄደ?" ትለዋለች። ዓይኑ እሷ ወዳሰበችው ካልሄደ ሁሉንም አፍርሳ እንደገና ትጀምራለች። ሲጥማት ከሥሩ የተባዘተ ጥጥ ታነጥፋለች፣ ከጥጡ በታች ነጭ አቡጀዲ ገበር ታደርጋለች፣ ሦስቱን አንድ ላይ በመርፌ ትወጋቸዋለች። ሲያልቅ ለብቻዋ ትስቃለች። እሰይ፣ የእጄ ሥራ! ትላለች።

ሰዉ ግን ለዚህ ሥራ ያለው ስም አንድ ነው፤ ድሪቶ! ድሪቶ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቡትቶ በቡትቶ ላይ ተደርቶ ያጣ የነጣ ሰው የሚለብሰው። የተቆራረጠ ነገር ተሰፍቶ ካዩ፣ ጨርቁ አዲስ ይሁን አሮጌ ማን ይጠይቃል?

እንግዲህ አላምረው ስመኝ የምትባል ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ተላከ፣ ተፈቀደ፣ የጥሎሽ ቀን ተቆረጠ። የጥሎሽን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ፤ የሙሽራው ሚዜዎች ሻንጣውን ከፍተው ዕቃውን አንድ በአንድ ለሕዝቡ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። የሴቷ ወገኖች "ይሄ ብቻ ነው? ጨምሩ!" እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ ቀልድ ነው። የሚያስንቅ ነገር ከሻንጣው ከወጣ ግን ቀልዱ ያበቃል።

ትርንጎ በሕይወቷ ከሁሉ የተዋጣላትን የአልጋ ልብስ ለዚያ ቀን ሠራች። የባሏ ወንድም አቶ ጓንጉል፣ በአባት ፈንታ የሆኑት፣ ሲያዩት ራሳቸውን ያዙ።

"ትርንጎ፣ አብደሻል? የሰው ልጅ ልናመጣ ሄደን ድሪቶ እንዘርጋ?"

"ጋሼ ጓንጉል፣ ድሪቶ አይደለም። እስቲ በደንብ ይዩት።"

"እኔ ባየው ምን ይፈይዳል? የሚያዩት እነሱ ናቸው! ተዋረድን ብለው ልጅቷን ቢከለክሉን ለአላምረው ምን ትመልሺለታለሽ? ሙያ በልብ ነው፤ እዚሁ ቤትሽ አስቀምጪው።"

ይህ ነገር ልቧ ውስጥ ገባ። ስለ ራሷ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበራትም፤ ስድቡን ለምዳዋለች። ነገር ግን ልጇ ስመኝን በእሷ መርፌ ምክንያት ቢያጣስ? ፈራች። ልትተወው አንጀቷ አልቻለም፣ ልታሳየው ፈራች። ምን አደረገች መሰላችሁ? ገበሩን ወደ ውጭ አድርጋ አጠፈችው። ያ ሁሉ ቀለም ወደ ውስጥ ገባ፣ ነጩ አቡጀዲ ብቻ ከላይ ታየ። "ሲጋቡ ቤታቸው ገብተው ይገልጡታል" አለች። እንዲህ አድርጋ ሻንጣው ውስጥ ከታች ከተተችው።

ቀኑ ደረሰ። ዳሱ ሞላ። ሚዜው ቀሚሱን አነሳ፣ እልልታ! ነጠላውን አነሳ፣ እልልታ! ጫማው፣ ወርቁ፣ እልልታ! "ጨምሩ! ጨምሩ!" ይላሉ የሴቷ ወገኖች። ሚዜውም ጎንበስ ብሎ የመጨረሻውን ዕቃ አወጣ።

ነጭ አቡጀዲ።

አንዲት ባልቴት አማተቡና "በስመ አብ! መግነዝ ነው እንዴ?" አሉ። ወገኖቼ፣ ለሙሽራ መግነዝ! ከዚህ የከፋ ምን አለ? ድሪቶ ቢባል ይሻል ነበር እኮ! የስመኝ አጎት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ሻንጣችሁን ዝጉና ይዛችሁልን ሂዱ" አሉ።

አቶ ጓንጉል ላብ በላብ ሆኑ። "ስህተት ነው፣ ይቅርታ፣ ባለሱቁ ነው ያሳሳተን፣ ሐጂ ይማም ናቸው…" እያሉ ጨርቁን ወደ ሻንጣው ሊመልሱ እጃቸውን ዘረጉ።

ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል ሆና ልጇን አየችው። አላምረው አንገቱን ደፍቷል። ዝም ብትል ምናልባት ነገሩ በውሸት ይሸፈናል፤ የሐጂ ስም በከንቱ ይጠፋል፣ የእጇ ሥራም እንደ ሌባ ዕቃ ተደብቆ ወደ ቤት ይመለሳል። ያኔ ነደዳት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወድቅ እንኳ አላነሳችውም። ሰዎቹን አልፋ መሃል ገባችና ከሚዜው እጅ ተቀበለችው።

"ሐጂ ይማም ምንም አላጠፉም! የሠራሁት እኔ ነኝ። የደበቅሁትም እኔው ነኝ፤ አፍሬ ነው። አሁን ግን እዩት!"

ገልብጣ መሬት ላይ ዘረጋችው።

እንደ ማታ ሰማይ የጠቆረ ሰፊ ሰማያዊ። በዚያ ሰፊ ነገር ላይ ከአንዱ ማዕዘን ብርቱካንማው ይነሳል፤ ቢጫው ይከተለዋል፤ ወይን ጠጁ ጠበብ ብሎ መሃል ድረስ ይመጣና ያቆማል። የቀረው ዝም ያለ ሰማያዊ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደሴ አይታ አታውቅም። ቁርጥራጭ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ድሪቶ ግን ማንም አላለውም።

የስመኝ እናት ወይዘሮ የሻረግ ተነሡና ተንበረከኩ። ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱ። ቀዳዳ ፈለጉ፣ የተጣፈ ፈለጉ፣ አጡ።

"ያረጀ የለበትም?"

"አንድም የለበትም፣ እመቤቴ። ሁሉም የዘንድሮ አዲስ ነው።"

"ታዲያ ደህናውን ጨርቅ ለምን ቆራረጡት?"

ይህን ጥያቄ ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታዋለች። ዕድሜዋን ሙሉም አንገቷን ደፍታ አልፋዋለች። ያን ቀን ግን ቀና አለች።

"ድፍኑን ጨርቅ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከሱቅ ያገኘዋል። ይህን ግን ከትርንጎ ቤት በቀር የትም አያገኙትም!"

ኧረ እንዴት ያለ መልስ ነው! ወይዘሮ የሻረግ ሳቁ። "አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ ያለ ጉድ ይዘሽ ነው በአቡጀዲ ልባችንን ያራድሽው?" አሉና እልልታውን ራሳቸው ጀመሩት። ዳሱ ተቀበለ። "ጨምሩ! ጨምሩ!" ሆነ፤ ያሁኑ ጨምሩ ግን ከልብ ነበር። አጎትየውም ተቀመጡ። አቶ ጓንጉልስ? ደረታቸውን ነፍተው "የወንድሜ ሚስት ናት! የኛው ናት!" እያሉ ከዳር እስከ ዳር ሲዞሩ ታይተዋል። አላምረው ግን መጥቶ የእናቱን እጅ ሳመ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ?

"ሙያ በልብ ነው" ትላላችሁ። እኔም እወደዋለሁ ተረቱን። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በልብ የቀረ ሙያ ማንን አለበሰ? ማንን አሞቀ? አንቺ ድምፅ የተሰጠሽ፣ ለምን ከኋላ ትቆሚያለሽ? አንተ የተጣላ ማስታረቅ የምታውቅበት፣ ሰው ምን ይለኛል ብለህ ስንት ቤት ሲፈርስ አየህ? እናንት እናቶች፣ ሕይወታችሁ ተቆራርጧል፤ ሞት ቆርጦታል፣ ስደት ቆርጦታል። ጌታ ከዚያ ቁርጥራጭ የሠራውን ሰው እንዳያየው ለምን ገልብጣችሁ ታጥፉታላችሁ?

"ኩራት እንዳይሆንብን" ትሉኛላችሁ። ትዕቢት ሌላ ነው፤ ትዕቢተኛ የሌላውን ሥራ ያጣጥላል። ትርንጎ ማንን አጣጣለች? የሠራችውን "ሠራሁ" አለች እንጂ። እግዚአብሔር በሠራው አፍሮ ያውቃል? ፀሐይን ፈጥሮ ከደመና ጀርባ አስቀርቷታል?

በሉ አሁን ከጎናችሁ ወዳለው ሰው ዞር በሉ። አዎ፣ አሁን! ጌታ በእጃችሁ ያስቀመጠውን ሥራ ስሙን ጠርታችሁ ንገሩት። "ኧረ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ" የሚል ካለ ጎረቤቱ ይቆንጥጠው፤ የሰጠን እኮ ትንሽ አይደለም።