ቆማ የተጋጨች መኪና

ፈጣሪውን የሚፈራ፣ ምላሱ ግን ሰው የማይፈራ አንድ መካኒክ ነበር። ጋራዡ ያለው በኮሎኔል ደምሰው ግቢ ውስጥ ነው። ኮሎኔሉ ዳግመኛ የመኪና እሽቅድምድም ላይገቡ ለሚስታቸው በመድኃኔዓለም ስም ምለው ነበር። አንድ እሑድ ግን ተደብቀው ሄዱና መታጠፊያው ላይ ከግንብ ጋር ተላተሙ። መኪናዋ እየተጎተተች ስትመጣ የፊት ቸርኬዋ እንደ ቂጣ ታጥፎ፣ ጎማውን የሚሸከመው እግሯም ተሰብሮ ነበር።

«ስማ አንተ!» አሉት ኮሎኔሉ፤ «ባለቤቴ እየመጣች ነው። መኪናዋ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆማ ሳለች ነው የተጎዳችው ትላታለህ። አለዚያ ነገ ዕቃህን ይዘህ ከግቢዬ ትወጣለህ!»

መካኒኩ ጨነቀው። ቢዋሽ ከአምላኩ፣ ባይዋሽ ከእንጀራው ሊጣላ ነው። አማትቦ ሳይጨርስ ወይዘሮዋ ደረሱ።

«ምን ሆና ነው እንዲህ የተሰባበረችው?»

«እሜቴ» አለ መካኒኩ እጅ ነስቶ፤ «ጌታዬ እንደነገሩኝ መኪናዋ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆማ ነበር። እንግዲያው እየበረረ መጥቶ የገጫት ግንቡ ነው ማለት ነው። እኔ ቸርኬዋንም እግሯንም አቃናለሁ። ግንቡን በሰንበት ምን እንዲህ እንዳስቸኮለው ግን የንስሐ አባቱ ይጠይቁልን።»